ሳጥኑ ውስጥ ጭንቅላቱን አይቻለሁ የምትሉ፣ እስቲ ኑ («ሰቨን»)

ክረምት ወዳድ፦

ቀድሜ ልናገር። ፊልሙን ያላየ ከዚህ ይመለስ። ከወጣ 30 ዓመት ቢያልፈውም መጨረሻውን አበላሸህብን ብላችሁ እንዳትሰድቡኝ።

ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው ያለው። ባለፈው ቅዳሜ ስልክ ላይ የድሮ ፊልም ስናነሣ ስንጥል «ሰቨን» ላይ ደረስን። ዴቪድ ፊንቸር የሠራው፣ ብራድ ፒትና ሞርጋን ፍሪማን በሰባቱ ኃጢአቶች እየቆጠረ ሰው የሚገድል ሰውዬ የሚያሳድዱ መርማሪ ፖሊስ የሆኑበት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው። ወንድሜ «መጨረሻ ላይ ያ ሳጥን ተከፍቶ የሚስትየዋ ጭንቅላት ሲታይ እኮ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም» አለ። እኔም «ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተበትኖ!» ብዬ አጸናሁለት። ባለቤቴ አጠገቤ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል «አይታይም» አለች።

ሁለታችንም ሳቅንባት። በክትፎ ተወራረድን።

እሁድ ከሰዓት ልጆቹን አያታቸው ጋ ላክንና ፊልሙን ከፈትነው። አይታይም። ሁለቴ ወደ ኋላ መለስኩት። ሶመርሴት (ሞርጋን ፍሪማን) ካርቶኑን በስለት ይከፍታል፣ ያያል፣ ደንግጦ ወደ ኋላ ይላል። እኛ የምናየው የእሱን ፊት ነው። በቃ። ጭንቅላት የለም፣ የተበተነ ፀጉር የለም። ስንት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ነገር አየሁ እያልኩ ለሰው ስተርክ ኖሬያለሁ። ፍርድ ቤት ቢጠሩኝ እምል ነበር።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። እናንተ ምን ትዝ ይላችኋል? ደግሞስ መጨረሻውን እያወቃችሁ ስትደግሙት ጣዕሙ አለ ወይስ ጠፋ? እኔን ከመጀመሪያው ይልቅ አሁን ነው የከበደኝ። ያኔ የደነገጥኩት ለአንድ ደቂቃ ነው። አሁን ግን ትሬሲ፣ የወጣቱ መርማሪ የሚልስ ሚስት፣ ሶመርሴትን እራት ከጠራችበት ጀምሮ ሆዴ ሲረበሽ አመሸ።

የቪዲዮ ቤቱ ልጅ፦

ጋሼ፣ የልጅነት ቁስሌን ነካህብኝ።

እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት በር ላይ በጠመኔ «ሰባቱ ገዳዮች፣ ልብ አንጠልጣይ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የጻፈው ልጅ ከካሴቱ ሽፋን ላይ ያነበበው ቁጥሩን ብቻ ነው መሰለኝ። እኛም ሰባት ገዳይ ልናይ ገባን። ፊልሙ ተጋመሰ፣ አንድም ገዳይ አልመጣም። ከኋላ አግዳሚ ላይ አንዱ «ኧረ ሰዎቹ የታሉ?» ብሎ ጮኸ።

በመጨረሻ ያቺ ዕቃ የምታደርስ መኪና በረሃው ውስጥ አቧራ እያስነሣች ስትመጣ መብራት ሄደ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አልመጣም። ብራችንም አልተመለሰም። ከመካከላችን ከፍ ያለው ልጅ «እኔ ዘመድ ቤት አይቼዋለሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሕፃኑ ነው» አለን። ሴትየዋ እርጉዝ መሆኗን ቀድመን ሰምተን ስለነበር ሁላችንም አመንን። ከአንድ ዓመት በኋላ እስካየው ድረስ ለስንቱ ሰው ሕፃን ነው እያልኩ አወራሁ መሰላችሁ።

ማስቲካ፦

ሕፃን ነው ካሉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ካንተ ይሆናል የሰማሁት።

ኤዲተሯ፦

ክረምት ወዳድ፣ አይዞህ፤ ብቻህን አይደለህም። የምተዳደረው በፊልም ኤዲቲንግ ነው፤ ይህን ፊልም ደግሞ እያስቆምኩ አይቼዋለሁ።

ሚልስ (ብራድ ፒት) ገዳዩ ላይ ሽጉጡን ደግኖ ልተኩስ አልተኩስ እያለ ፊቱ ሲቀያየር ታስታውሳላችሁ? ሊተኩስ ሲል የትሬሲ ፊት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከሰከንድ ያነሰች ቅጽበት ናት። ብዙ ሰው ማየቱን አያውቅም፤ ዓይኑ ግን አይቷል። ማታ ቤቱ ሲገባ ያንን ፊት አእምሮው ወስዶ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንተና ወንድምህ የዋሻችሁት ነገር የለም። ፊቷን አይታችኋል። ቦታውን ነው የተሳሳታችሁት። ፊልሙ ለኦስካር የታጨው በኤዲቲንግ ብቻ ነው፤ ሪቻርድ ፍራንሲስ ብሩስ ነው ኤዲተሩ። አላሸነፈም እንጂ ለዚያች ብልጭታ ብቻ ይገባው ነበር እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ፊልም ደም አፍሳሽ የሚሉት አሉ። እስቲ ቆጥሩ። ገዳዩ ጆን ዶ ሰው ሲገድል ያየንበት አንድም ቦታ የለም። የወፈረው ሰውዬ ሞቶ ነው የምናገኘው። ጠበቃውም እንዲሁ። አፍንጫዋን የቆረጣትም ሴት እንዲሁ። እኛ ሁልጊዜ የምንደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ በባትሪ ብርሃን፣ ፎቶ ላይ፣ ወይ ሌላ ሰው ሲተርክ። በጠቅላላው ፊልም ውስጥ ሰው ሰውን ሲገድል በዓይናችን የምናየው አንዴ ነው። ገዳዩም ፖሊሱ ነው።

ክረምት ወዳድ፦

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለባለቤቴ አነበብኩላት። ዝም አለች። እሷን ዝም ማሰኘት ቀላል አይደለም።

አቶ እገሌ፦

እኔ ደግሞ ድግሱን ላበላሽ። ስሜን ከገዳዩ ነው የወሰድኩት፤ ጆን ዶ አሜሪካኖች ስሙ ላልታወቀ ሰው የሚሰጡት ስም ነው፣ የእኛ እገሌ ማለት ነው። ስለዚህ የመናገር መብት አለኝ።

ሁላችሁም ትዊስቱ ትዊስቱ (ያልታሰበው መጨረሻ) ትላላችሁ። ሒሳቡ ግን አይመጣም። በስንፍና ተፈርዶበት አልጋ ላይ የታሰረው ሰውዬ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ነበር፤ ፎቶዎቹ ላይ ቀን ተጽፎባቸዋል። ያ ማለት ዕቅዱ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ አለው። ሚልስ ወደዚያች ከተማ የመጣው ግን ገና ትናንት ነው። ከዓመት በፊት ሚልስ የት ነበር? ገዳዩ በስም እንኳ ያውቀው ነበር? ሰባተኛው ኃጢአት እንዴት ባልመጣ ሰው ላይ ይንጠለጠላል?

ሌላም አለ። ሰባቱ ኃጢአተኞች በኃጢአታቸው ይቀጣሉ ተብሏል። ሚልስ «ቁጣ» ከሆነ አልሞተም። የሞተችው ትሬሲ ናት፤ እሷ ደግሞ ምንም አላጠፋችም። የማያልቅ ሒሳብ ነው።

ክረምት ወዳድ፦

ትናንት ገና ስላየሁት ትኩስ ነኝ፤ ልመልስ።

መርማሪዎቹ በቤተ መጻሕፍት መዝገብ በኩል ቤቱን አገኙት አይደል? ከዚያ ያ ሁሉ ሩጫ በዝናብ ውስጥ። ጆን ዶ ሚልስን ጭቃ ላይ ጥሎ ሽጉጡን ጭንቅላቱ ላይ ደግኖበት ትቶት ይሄዳል። በኋላ ቤቱን ሲበረብሩ ስልክ ይደውላል፤ ዛሬ በሆነው ምክንያት ዕቅዱን እንደሚቀይር ይነግራቸዋል። እኔ ያኔ ይህን ስልክ ረስቼው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ስድስተኛና ሰባተኛ እንዲሆኑ የታሰቡት ሌላ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ሚልስ በመንገድ ላይ የተገኘ ዕቃ ነው። ፎቶ አንሺ መስሎ ደረጃው ላይ ሲያነሣቸው ሚልስ እንዴት እንደጮኸበት አስታውስ። ያን ዕለት ነው የመረጠው ብዬ አምናለሁ። ቁጣው እዚያው ታየው።

እና አቶ እገሌ፣ ለኔ ይህ ከዓመት ዕቅድ የባሰ ያስፈራል። ትሬሲ የሞተችው ባሏ ደረጃ ላይ ሰው ስለሰደበ ነው።

አቶ እገሌ፦

ስልኩን ረስቼው ነበር። ተሸነፍኩ ግን አልልም። ሚልስ ባይተኩስስ?

ክረምት ወዳድ፦

ባለቤቴ የምትለውን ልጻፍ፦ «ባይተኩስም ያው ነው። ሚስቱ ሞታለች። ምኑን ያተርፋል?»

ቡና በጨው፦

እንግዲህ ሚስቲቱ ከተነሣች አይቀር።

ይህን ፊልም አራት ጊዜ አይቻለሁ፤ እወደዋለሁም። ግን በየጊዜው አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ትሬሲ ሰው ሆና አልተጻፈችም። እራት ታዘጋጃለች፣ ባቡር ሲያልፍ ቤቷ ይንቀጠቀጣል፣ ቁርስ ቤት ተቀምጣ ለሶመርሴት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ካርቶን ውስጥ ትገባለች። ሁለት ወንዶች በሚወራረዱበት ጨዋታ ውስጥ መያዣ ሆነች። እናንተ ጭንቅላቱ ታየ አልታየ ስትሉ እኔ የምጠይቀው የሷ ሕይወት መቼ ታየ ብዬ ነው። አስተማሪ ነበረች። ከተማውን ጠልታዋለች። ጓደኛ የላትም። ከዚህ ሌላ የምታውቁትን ጻፉልኝ።

ኤዲተሯ፦

ቡና በጨው፣ ቅሬታሽን እቀበላለሁ። ሆኖም ያቺ የቁርስ ቤት ወሬ ባትኖር መጨረሻው ይወድቃል።

እርጉዝ መሆኗን ለባሏ አልነገረችም፤ ለሶመርሴት ነው የነገረችው። እሱም የራሱን የድሮ ታሪክ ነገራት፤ ልጅ ሊወልድ እንደነበርና እንዳስቀረው። ስለዚህ በረሃው ላይ ሳጥኑን ሲከፍት ሁለት ሞት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እየሮጠ ሲመለስ ፊቱን እዩት። ሚስትህ ሞታለች የሚለውን ብቻ ሳይሆን ልጅም ነበረህ የሚለውን ይዞ ነው የሚሮጠው። ጆን ዶ ልጁን ሲያነሣ ሶመርሴት በጥፊ ያጮለዋል። ፊልሙን ሙሉ በትዕግሥት የኖረ ሰው ነው! ሚልስ ነገሩ እውነት መሆኑን ያወቀው ከገዳዩ አፍ አይደለም፣ ከዚያ ጥፊና ከጓደኛው ፊት ነው።

ትዊስት ስንል አንድ የተደበቀ ነገር ሲገለጥ ማለታችን ነው። እዚህ ግን ለእኛ የልጁ ነገር ተደብቆ አልነበረም፤ ብዙ ቀድመን እናውቅ ነበር። የማያውቀው አባትየው ነው። ደግማችሁ ስታዩት የሚከብደው ለዚህ ይመስለኛል።

ቡና በጨው፦

ጥሩ ተናግረሻል። ግን አሁንም የሷ እርግዝና የሁለት ወንዶች ፊት ለማሳየት ነው ያገለገለው። አልለቅሽም።

ኤዲተሯ፦

አትልቀቂኝ፤ ልክ ነሽ።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኃጢአቶቹ በደንብ ያነሣ ስለሌለ ልግባ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው፤ እንግሊዝኛው የገባው የዶርም ጓደኛችን እያስቆመ ይተረጉምልን ነበር። ጆን ዶ መጨረሻ ላይ የኔ ነው ያለውን ኃጢአት «ቅናት» ብሎ ተረጎመው። በእኛ አማርኛ ቅናት ስትል መጀመሪያ የሚመጣው የሴትና የወንድ ነገር ነው። ስለዚህ ስምንታችንም ገዳዩ ትሬሲን ይወዳት ነበር ብለን ደመደምን! ከዚያ ሁሉ በኋላ የፍቅር ፊልም አደረግነው። ትክክለኛው ቃል ምቀኝነት ነበር። ሰውየው የሚልስን ሚስት አልፈለገም። ሚልስ ማታ ቤቱ ገብቶ ጫማውን አውልቆ የሚቀበለው ሰው መኖሩን ነው ያልቻለው። ምቀኛ ደግሞ ያንተን አይወስድም፤ ያንተ እንዳይኖር ነው የሚፈልገው። አንድ ቃል ፊልሙን እንዲህ ይገለብጠዋል።

ሌላው፣ ይህ የሰባቱ ዝርዝር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳለ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እንደዚያ ተሰልፎ የለም። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የነበረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ ስምንት ክፉ ሐሳቦች ብሎ ቆጠረ፤ በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ ሰባት አደረገው። ፊልሙ ውስጥ ሶመርሴት ሌሊት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ጠባቂዎቹ ካርታ ሲጫወቱ የሚያገላብጣቸው የጣሊያኑ ባለቅኔ የእነ ዳንቴ መጻሕፍትም ከዚያ የመጡ ናቸው። (ሚልስ ግን የመጻሕፍቱን ማጠቃለያ ያነባል፤ ልክ እኛ ለፈተና እንዳደረግነው።)

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ላይ ግን ሌላ የሰባት ቆጠራ አለ። እግዚአብሔር የሚጠላቸው። ትዕቢተኛ ዓይን፣ ሐሰተኛ ምላስ፣ ከዚያ ሦስተኛው ንጹሕ ደም የምታፈስ እጅ። ጆን ዶ ይህን ዝርዝር ቢወስድ ሦስተኛው ላይ ራሱን ያገኝ ነበር። ሰባኪ ነኝ የሚል ገዳይ፣ መግደል የሌለበትን ዝርዝር ፈልጎ መያዙ አይገርማችሁም? ለራሱ ምቀኝነትን ወሰደ። ቀለል ያለችውን።

አቶ እገሌ፦

ይሄ ጥሩ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ የሰማሁት ጥሩ ነገር ይሄ ነው።

ገና ጀማሪ፦

ይቅርታ፣ እኔ ፊልሙን አላየሁትም። ርዕሱን አይቼ ገባሁ፣ አንብቤ ጨረስኩ። አሁን ምን ላድርግ?

ማስቲካ፦

ተመለስ ተባልክ እኮ!

ክረምት ወዳድ፦

እየው፤ ምንም አላጣህም። ከላይ ኤዲተሯ የጻፈችውን ይዘህ ግባ። ካርቶኑን ተወውና የሞርጋን ፍሪማንን ፊት ተከታተል።

ካሴት ሰብሳቢ፦

ዘግይቼ መጣሁ። ይህ መጨረሻ እንዴት ከሞት እንደተረፈ ላውራችሁ፤ ከፊልሙ የማይተናነስ ታሪክ አለው።

ጽሑፉ የአንድሩ ኬቪን ዎከር ነው። ኒው ዮርክ ኑሮ መሮት፣ የሙዚቃ መደብር ውስጥ እየሠራ ነው የጻፈው። አምራቾቹ ሳጥኑን ሲያነቡ ደነገጡ፤ ቀለል ያለ ሌላ መጨረሻ ተጻፈ። ለፊንቸር ግን በስሕተት የተላከለት የመጀመሪያው ነው። እሱ ያንን አንብቦ ነው የወደደው። ስሕተት መሆኑ ሲነገረው ሌላውን አልሠራም አለ። ብራድ ፒትም ሳጥኑ ካልተነካ ነው የምሠራው ብሎ ከፊንቸር ጋ ቆመ። ሶመርሴት ቀድሞ ገዳዩን የሚተኩስበት አማራጭም ታስቦ በሥዕል ደረጃ ቀርቷል። አስቡት፤ ጡረታ የሚወጣው ሽማግሌ ኃጢአቱን ለራሱ ወስዶ ወጣቱን ሲያድን። መጥፎ አልነበረም። ግን ከሲኒማ ስንወጣ እንዲህ አንታመምም ነበር።

ኬቪን ስፔሲ ገዳዩ እንደሆነ ማንም እንዳይገምት ስሙ በፊልሙ መነሻ የስም ዝርዝር ላይ አልገባም። ቆጥራችሁ ከሆነ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ እስኪገባ ድረስ ፊቱን በደንብ አናይም። ለኔ ትልቁ ትዊስት ያ ነው፤ ሳጥኑ አይደለም። ገዳይ አሳደህ የምትይዝበት ፊልም እያየህ ገዳዩ እጁ በደም ተለውሶ መጥቶ ይጮህብሃል። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ፊልሙን የሚነዳው እሱ ነው። የመጨረሻው የስም ዝርዝር እንኳ ከላይ ወደ ታች በግልባጩ ነው የሚወርደው።

ወጪው ከ33 ሚሊዮን ዶላር ብዙ አይርቅም፤ ገቢው ከ320 ሚሊዮን በላይ። ሰው ያዘነ መጨረሻ አይወድም ላሉት አምራቾች መልስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ ታድሶ በአይማክስ ሲኒማ ወጥቶ ነበር።

ቡና በጨው፦

የሚልስ ክንድ የታሸገውስ? እውነት ነው ይባላል።

ካሴት ሰብሳቢ፦

እውነት ነው። የዝናቡ ሩጫ ሲቀረጽ ፒት መኪና መስታወት ላይ ወድቆ እጁን ተጎዳ። ቀረጻ ማቆም ስላልተቻለ ጉዳቱን ታሪኩ ውስጥ አስገቡት።

የቪዲዮ ቤቱ ልጅ፦

ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ላንሣ። ከተማዋ ስም የላትም፣ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነው። የሐምሌ አዲስ አበባ። ፀሐይ የምትወጣው ወደ መጨረሻው ሲደርስ፣ ያ በረሃ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ፀሐዩን ሳይ «በቃ፣ ተገላገልን» ብዬ ነበር። እናቴ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ የሚሰማኝ ዓይነት ደስታ። ከዚያ ያቺ መኪና መጣች። አሁንም ጠፍ ሜዳ ላይ ብቻዋን የምትመጣ መኪና ሳይ ደስ አይለኝም።

ክረምት ወዳድ፦

እኔ ክረምት የምወደው ከዚህ ፊልም በኋላ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ለማንኛውም ውጤቱን ላሳውቅ። ትናንት ለወንድሜ ደወልኩ። የኤዲተሯን ማብራሪያ ቃል በቃል አነበብኩለት። የትሬሲ ፊት ብልጭ እንደሚል፣ አእምሮ ቦታ እንደሚቀይር፣ ሁሉንም። ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያኔ እኛ ያየነው ካሴት ላይ ነበር። አሁን ቆርጠውት ነው።»

ክትፎውን ከፍያለሁ። ባለቤቴ ለብ ለብ አዝዛ፣ አይቡን ጨምራ፣ አንድም ቃል ሳትናገር በላች። የወንድሜን ድርሻ ደግሞ ሲመጣ ትጠብቀዋለች።

የቪዲዮ ቤቱ ልጅ፦

ለወንድምህ ሰላም በልልኝ። ንገረው፣ እኔም የሕፃኑን እግር አይቼ ነበር። መብራት ጠፍቶ።